ያን ልጅ ማን አበላው?

ባለፈው ዓመት ከቆቦ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ለተማሪዎቹ ንግግር እንዳደርግ ጋበዘኝ። ርዕሱን ርዕሰ መምህሩ ራሱ መርጦታል፦ «ጽናት»። ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ የሰባ ሰባት ልጅ ነዎት። ከዚያ ሁሉ ተርፈው መምህር ሆኑ። ልጆቹ መስማት ያለባቸው ይኼንን ነው፤ ችግር ሰውን እንዴት እንደሚያጠነክር» አለኝ። እሺ አልኩት። ማታ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ሃያ ምናምን ዓመት ጠመኔ ይዤ ኖሬ የምናገረው ጠፍቶኝ አያውቅም፤ ያን ዕለት ግን አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ እምቢ አለኝ።

የከለከለኝ ነገር ቀላል ነው። መግቢያ ይሆነኛል ብዬ ከእኔ ጋር ፊደል የቆጠሩትን ልጆች ስም መጻፍ ጀመርኩ። ስድስተኛው ላይ ስደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት። ከስድስቱ አራቱ የሉም። ሁለቱ ኮረም መጠለያ ውስጥ ቀሩ። አንዱ ከነቤተሰቡ ወደ መተከል ተጭኖ ሄደና ወሬው ጠፋ። አንደኛዋን በአሥራ ሁለት ዓመቷ ዳሯትና በመጀመሪያ ወሊዷ ሞተች። እኔ የተራብኩትን ረሃብ ተርበዋል፤ እኔ የቀመስኩትን ቀምሰዋል። ችግር የሚያጠነክር ቢሆን ኖሮ እነሱ ብረት በሆኑ ነበር።

ስለዚህ ንግግሩን ተውኩትና አንድ ጥያቄ ያዝኩ። ከዚህ አገር፣ ከረሃብ መሐል ወጥቶ መምህር የሆነ ልጅ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ አንድ ሰው ወይም አንድ ነገር አብልቶታል። ማን? ምን? እስቲ ወደ ኋላ ተመልሰን እንየው።

ቆቦን ለማያውቅ ላስተዋውቅ። ከወልዲያ ተነሥቶ ወደ አላማጣና ወደ መቀሌ የሚወስደው መንገድ ጎብዬን፣ ሮቢትን አልፎ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ የሚደርስባት ከተማ ናት። በስተምሥራቅ ዞብል፣ በስተምዕራብ ወደ ላስታ የሚወጣው የተራራ ሰንሰለት፤ በመካከል ሜዳው። ዝናቡ ሲዘንብ በአመዛኙ ተራራው ላይ ነው፤ ወደ ሜዳው የሚመጣው ጎርፉ ነው። ገበሬው ያንን ጎርፍ በአፈር፣ በድንጋይና በቅርንጫፍ እየገደበ ወደ ማሳው ይጠልፈዋል። ሌሊት ደጋው ላይ መብረቅ ሲታይ ጎልማሳው ሁሉ አካፋና ዶማውን ይዞ ይወጣል፤ የሰው ቦይ ሰብሮ ወደ ራሱ ያስገባ እንደሆነ ደግሞ ነገሩ በሽማግሌ ካልተያዘ ደም ያፋስሳል። የተሳካ ዓመት ማሽላው ግመል ይደብቃል። ልጆች ጥንቅሽ እየመጠጡ ጥርሳቸው እስኪደንዝ ይውላሉ። ቆቦ ድሃ አፈር የለውም። ይኼን አስቀድሜ የምለው ረሃባችንን ሁሌ የአፈሩ ጥፋት የሚያደርጉት ስላሉ ነው።

የ1966ቱን ረሃብ እንውሰድ። ዝናቡ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ዋዥቆ ነበር፤ ያኔ የራያና ቆቦ አውራጃ ከሚባለው ጀምሮ የጁን ይዞ እስከ አምባሰል ያለው ቆላ አለቀ። ሰው ከብቱን ሸጦ፣ ቀንበሩን ሸጦ፣ የቤቱን ወጋግራ ነቅሎ ለማገዶ ሸጦ ወደ መኪና መንገዱ ወጣ። መንገድ ዳር መቀመጥ ልመና ብቻ አልነበረም። የሚያልፍ መኪና ውስጥ ያለ ሰው ካየን ወሬው አንድ ቦታ ይደርሳል የሚል ተስፋ ነበረበት። ወሬውማ ደርሶ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን በ1965 ዓ.ም. ፎቶግራፎቹን አዲስ አበባ ላይ አሳይተዋል። መንግሥት ግን ዝም አለ። እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ፊልሙን በአገሩ ቴሌቪዥን ያሳየው ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ ደግሞ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ድግስ ጋር እያፈራረቀ ለሕዝብ አሳይቶ በማግስቱ ንጉሡን አወረደ። የሞተው ሰው ቁጥር እንደ ቆጣሪው ነው፤ 40,000 የሚሉ አሉ፣ 200,000 የሚሉም አሉ።

ስለዚህ ረሃብ ብዙ የተጻፈ ቢሆንም እኔን የገረመኝ አንድ ነገር ነው። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ወሎን አጥንቶ ያገኘው፣ በዚያው ዓመት በአገር ደረጃ የተመረተው እህል ከወትሮው ብዙም አለማነሱን ነው። ደሴ ገበያ ላይ ዋጋው የረሃብ ዋጋ አልሆነም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሚወጣ እህል ነበር። ገበሬው የሚገዛበት አልነበረውም፣ በቃ። እህሉ በፊቱ በመኪና ተጭኖ አለፈ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም በራሱ መንገድ እዚያው ደርሷል፤ ድርቅ የሰማይ ነው፣ ረሃብ ግን ገበሬውን ራቁቱን ያስቀረው ሥርዓት ሥራ ነው ባይ ነው።

ሴን ራሱ በ1943 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የቤንጋልን ረሃብ ያየው በዘጠኝ ዓመቱ ነው። አያቱ በበሩ ለሚያልፍ ለያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ የሲጋራ ቆርቆሮ ሩዝ እንዲሰፍር ፈቀዱለት፤ ከዚያ በላይ አይቻልም። ይኼን ሳነብ ልጁን አልቀናሁበትም ብል ውሸት ይሆናል። የሚሰፍረው እሱ ነበር፤ እኔ በዚያ ዕድሜ ጣሳ ይዤ የምቆመው በወዲያ በኩል ነበር።

ከዚያ በፊት ግን አባቶቻችን ይኼን ጥያቄ እንዴት መልሰውት እንደነበር መናገር አለብኝ። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመምጣቱ በፊት በዚህ አገር መምህር የሚሆነው ማን ነበር? የቆሎ ተማሪው ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከወላጆቹ ጠፍቶ፣ ውሻ እየነከሰው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ የሚዞር ልጅ። ከንባብ ቤት ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ቅኔ ቤት እያለ ሃያ ዓመት ይንከራተትና አንድ ቀን እሱ ራሱ «የኔታ» ይባላል። ወሎ ደግሞ ሌላም አለው። ሉሁን ይዞ ከዛውያ ዛውያ የሚዞረው ደረሳ አለ፤ በየጁ ዳናን የመሳሰሉ የታወቁ የትምህርት ቦታዎች የቆሙት እንዲህ ባሉ ልጆች ነው። ደረሳውን የሚያበላው የአካባቢው ሰው ነው፤ ዱዓውን ያገኛል።

ዛሬ ስለ ቆሎ ተማሪ ሲወራ የሚወራው ጽናቱ ነው። ውሻው፣ ቁንጫው፣ ብርዱ። ጽናቱን አልክድም። ግን ነገሩን ገልብጣችሁ እዩት። ያ ልጅ ሃያ ዓመት በሕይወት የቆየው ሃያ ዓመት ሙሉ የማያውቁት ሴቶች ከምጣዳቸው ላይ ቁራሽ እየቆረሱ ስለሰጡት ነው። በደጁ የቆመው ተማሪ ከሆነ ባዶውን መመለስ ነውር ነበር። እንግዲህ ደብዳቤና ማኅተም ያልነበረው፣ ነገር ግን በየቤቱ ማጀት ውስጥ የተዘረጋ አንድ ትልቅ ተቋም ነበረን ማለት ነው። የሊቃውንቱን ስም እንጽፋለን። የጋገሩትን ማንም አልጻፋቸውም።

ረሃብ ይኼንን ተቋም ነው መጀመሪያ የሚመታው። የሚቆርስ ሲጠፋ የሚማር ይጠፋል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። በ1977 ስምንት ወይ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እናቴ የወለደችኝን በክረምቱ ዝናብ ታውቀዋለች እንጂ በዓመተ ምሕረት አታውቀውም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ የኮረምን ሜዳ ለዓለም ሲያሳይ፣ ሞሐመድ አሚን የቀረፀው ያ ሁሉ ሰው ብርዱ ላይ ተኮራምቶ ሲታይ፣ እኛ ከዚያ በታች ቆላው ላይ ነበርን። ኮረም ከቆላ ለወጣ ሰው ብርዱ ራሱ ይገድላል። ቁርቁራ ለቅመን፣ በለስ በልተን፣ ቅጠል ቀቅለን ከረምን። አባቴ ያንን ክረምት አላለፈም። በዚያው ሰሞን ሠፈራው መጣ። ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ በአጠቃላይ ወደ 600,000 ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲጋዝ፣ ከኛ ሰፈር የሄዱት መተከል ደረሱ። ወደው የሄዱ ነበሩ፤ ገበያ ውለው ሳይመለሱ የቀሩም ነበሩ።

ከእኔ በአራት ዓመት የምትበልጥ እህት አለችኝ። እትዬ ነው የምላት። አንዲት የሩቅ ዘመዳችን «ልጅቱን ልውሰዳት፣ ደሴ ሰው ቤት ትገባለች» አለች። እናቴ ያን ማታ ምን እንዳሰበች ጠይቄያት አላውቅም፤ አሁን ደግሞ የምጠይቃት የለችም። እትዬ ሄደች። አንድ አፍ ከቤት ጎደለ፤ እንዲህ ብሎ መጻፍ ይቀፋል ግን ሒሳቡ እንዲህ ነበር። የእሷ ድርሻ የነበረው የእርዳታ ስንዴ ለእኔ ሆነ።

ረሃቡ ጋብ ሲል ትምህርት ቤት ገባሁ። ሁለተኛ ክፍል ላይ አንድ መምህር «ደብተር የሌለው ክፍሌ አይገባም» ብሎ አባረረኝ። አንድ ሳምንት መስኮቱ ሥር ቆሜ ተማርኩ። ይኼንን ታሪክ በወጣትነቴ ስናገረው ቆሜ መማሬን አጉልቼ ነበር። አሁን ሳስበው የሚያስታውሰኝ ሌላ ነው። በሳምንቱ የደሴ አውቶቡስ ረዳት ስሜን እየጠራ መጣና በመሐረብ የተቋጠረ ብር ሰጠኝ። ሦስት ብር። እትዬ ከደመወዟ ነው። ደብተር ተገዛ።

ከዚያ በኋላ መሐረቡ በየወሩ ባይሆንም መምጣቱን አላቋረጠም። አንዳንዴ ውስጡ ደብዳቤ ይኖረዋል፤ መጀመሪያ ሰው የጻፈላት፣ በኋላ ግን በራሷ እጅ የተጻፈ። የሆነው እንዲህ ነው። መሠረተ ትምህርት ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲጀመር በ15 ቋንቋዎች እንዲሰጥ ታስቦ ነበር፤ በማግስቱ ዓመት ዩኔስኮ ሸልሞታል። ስለዚያ ዘመቻ ብዙ የሚወቀስ ነገር አለ፤ ቀበሌ እያስገደደ ነበር፣ ካድሬው ከፊደሉ ጋር ሌላም ያስቆጥር ነበር። ግን ያ ማስገደድ ባይኖር የእትዬ አሠሪዎች ገረዳቸውን ማታ ማታ ፊደል ቁጠሪ ብለው አይለቋትም ነበር። ቀበሌው ስም ዝርዝር ስላለው ለቀቋት። በሦስት ወር አነበበች። እጇ ከእኔ እጅ ያምራል። እሷም መምህር መሆን ትችል ነበር ብዬ የማስበው ለዚህ ነው፤ ከሁለታችን አንዳችን ብቻ መሆን ስለነበረብን እኔ ሆንኩ።

ይኼ የኔ ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን አልጽፈውም ነበር። አስፋው የምሩን አስቡ። ከቡልጋ በዘጠኝ ዓመቱ ተነሥቶ አዲስ አበባ ገባ፤ ጎዳና ላይ አደረ። እንደምንም ብሎ ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ገባና አዳሪ ሆነ። አዳሪ ማለት እንግዲህ የሚበላ ማለት ነው። እሱ ግን ከመመገቢያ አዳራሹ የተረፈውን እየሰበሰበ ለጎዳና ልጆች ማካፈል ጀመረ። ልጆቹ ሆዳቸው ትንሽ ሲይዝ «አስተምረን» አሉት። በዚህ ቅደም ተከተል መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ መጀመሪያ ፍርፋሪው፣ ቀጥሎ ፊደሉ። ገና አሥራዎቹን ሳይጨርስ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ዛፍ ሥር የጀመረው ትምህርት በኋላ አሠረ ሐዋርያት ትምህርት ቤት ሆነ። ከንጉሡ መሬት ተሰጠው። በነጻ አስተማረ፣ ልጅ መግረፍን ከለከለ፤ ያኔ ዱላ የሌለበት ትምህርት ቤት ማለት ጣሪያ የሌለው ቤት ማለት ነበር። በ2001 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ስዊድን ውስጥ የሚሰጠውን የዓለም ሕፃናት ሽልማት የክብር ተሸላሚ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ዐረፈ። በዚያው ዓመት ያጣናት አበበች ጎበናም ያው ናት። አባቷን የጣሊያን ጦርነት የበላባት፣ በልጅነቷ ተድራ ያመለጠች ሴት ግሸን ማርያምን ልትሳለም ወሎ ወጥታ የተራበውን አየች፣ ሁለት ልጆች ይዛ ተመለሰች። ከሁለት የተነሣው ቁጥር ስንት ሺህ እንደ ደረሰ አገር ያውቀዋል።

ሁለቱም ጽኑ ነበሩ፤ እውነት ነው። የሚገርመኝ ግን ሁለቱም ችግር እንዴት እንዳጠነከራቸው ለልጆች ሲሰብኩ አለመዋላቸው ነው። ድስት ጣዱ።

ለእኔ የመጨረሻው ድስት ደሴ ነበር። በመሐል ትምህርት ሁለት ጊዜ ተቋርጦብኛል፤ ጦርነቱ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ሲያልፍ የኛ ቆላ መተላለፊያ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አልመጣልኝም፤ የመምህራን ማሠልጠኛ ግን ወሰደኝ። አንድ ዓመት ነው ሥልጠናው። የሥነ ትምህርቱን ጽንሰ ሐሳብ አልቀንሰውም ግን የገባሁት ለእሱ አይደለም። አልጋ ነበረው፣ በቀን ሦስት ጊዜ ደወል ይደወላል፣ ሲጨርሱ ሥራ አለ። ከእኔ ጋር የሠለጠኑት አብዛኞቹ እንደኔው የገበሬ ልጆች፣ የሙት ልጆች፣ ከዘመድ ቤት የመጡ ነበሩ። የሀብታም ልጅ የአንደኛ ደረጃ መምህር ልሁን ብሎ አይመጣም። ወሎ ገጠር ውስጥ አንድ ትውልድ መምህር እንዲህ ተገኘ፤ የተራቡትን ልጆች ሲያበላ መምህር የሆኑለት ተቋም ስለነበረ። በሳምንቱ መጨረሻ እትዬ ግቢው በር ድረስ ትመጣና ቆመን እናወራለን። አልገባም ትላለች። «ያንተ ጓደኞች ፊት በዚህ ልብስ?» ትለኛለች።

ይኼን ሁሉ ለምን አሁን አነሣሁት? በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ገባ። በ2014 ነሐሴ እንደገና ገባ። ስለ ጳጉሜው ግድያ ሌሎች ጽፈዋል፣ እኔ ገና አልቻልኩም። ትምህርት ቤቶቹ ሠፈር ሆኑ፤ ወንበሩ ተፈልጦ ለማገዶ ዋለ፤ የተማሪ መዝገብ ተቃጠለ። ከዚያም ወዲህ ያለው ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል አንድ ሳምንት ይዘጋል። ልጆቹ ወደ ክፍል ሲመለሱ ቁጥራቸው ጎድሏል። ከስምንተኛ ክፍል ወንዶቹ፣ አሁንማ ሴቶቹም፣ ደላላ እየመራቸው በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግረው ሳዑዲ ናቸው፣ ወይም መንገድ ላይ ናቸው። የቀሩት ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጠረጴዛው ላይ ይተኛሉ። አዲስ መጤ መምህር ሰነፎች ይላቸዋል። እኔ ያንን እንቅልፍ አውቀዋለሁ።

ንግግሩ ቀን ደረሰ፣ ሄድኩ። የጻፍኩት ስለሌለ ስለ እትዬ ነገርኳቸው፤ ስለ መሐረቡም። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ርዕሰ መምህሩ ትንሽ ቅር ብሎታል፤ ጭብጨባውም እንደ ጠበቀው አልነበረም። ሲያልቅ ይዞኝ ቢሮው ገባና ሻይ አስመጣ። «ጋሼ፣ እኔ ያሰብኩት እኮ ልጆቹን ለማነቃቃት ነው» አለኝ። «ገብቶኛል» አልኩት። «ግን አዲስ አበባ ከ2012 ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ ቁርስና ምሳ ይበላል። እዚህ ምን አላችሁ?»

ማብሰያ ቤት ነበራቸው። ድሮ አንድ ግብረ ሠናይ ድርጅት ያሠራው ነው፤ ከጦርነቱ ወዲህ ጣሪያ የለውም፣ ሁለቱ በርሜል ድስቶችም ተወስደዋል። ወጥተን አየነው። ግድግዳው ደህና ነው፣ ምድጃውም አለ። ከወላጅ ኮሚቴው አንድ ሽማግሌ ጠራና ሦስታችን ቆመን ሒሳብ ጀመርን። ከመኸር በኋላ እያንዳንዱ ቤት አንድ ቁና ማሽላ ቢያወጣ ለስንት ወር ንፍሮ ይሆናል? ያጨደ እንጂ ያላጨደ አያወጣም፣ አሉ ሽማግሌው፤ የሙት ልጅ ያላትማ ጭራሽ አትጠየቅም። ማን ያበስላል? እናቶች በተራ። ማገዶ? ልጆቹ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ እንጨት። ለጣሪያው ደግሞ ሃያ አራት ቆርቆሮ ያስፈልጋል ተባለ፤ አንድ የከተማ ነጋዴ ስምንቱን ቃል ገባ፣ ስምንቱን በመምህራን መዋጮ፣ እኔም ለእትዬ ስደውልላት «የሁለቱን እኔ እልካለሁ» አለች። ያንን ብር ከየት እንደምታመጣው አልጠየቅኳትም።

ስድስት ይቀራል። ከወልዲያ የሚመጣው የተጫነ ነው፣ መንገዱ ሲከፈት ይደርሳል ብለዋል።